ለብቸኛው ትልቅ ዓሣ ጎረቤት እንምረጥለት? የመስታወት ሣጥን ፊዚክስ በደጋ ሀገር

በአዊ ዞን በአዘና ከተማ የሚኖሩ አንድ አንባቢያችን ለዝግጅት ክፍላችን በላኩት ደብዳቤ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ ሀገር ከሄደ ዘመዳቸው አንድ ትልቅ የጌጥ ዓሣ ከነመስታወት ሣጥኑ መረከባቸውን፣ ዓሣው ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሲዞር ሲያዩት እንደሚያሳዝናቸው ገልጸው፣ ጓደኛ የሚሆኑትን ዓሦች እንድንመርጥላቸው ጠይቀውናል። ሣጥኑ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሴንቲ ሜትር የውኃ ጥልቀት አለው፤ ማለትም 300 ሊትር ውኃ ይይዛል። ዓሣው ከገለጻቸው እንደተረዳነው ኦስካር የሚባለው ነው። ጥያቄው የሥነ ሕይወት ባልደረቦቻችንን ይመለከታል ብለን ልናሳልፈው ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ ስሌቱን ቁጭ ብለን ስንሠራው የጎረቤት ምርጫው ቢያንስ ግማሹ የፊዚክስ ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። ከዚህም በላይ ደጋ ላይ የሚነሣ ጥያቄ በመሆኑ፣ በባሕር ወለል አጠገብ ተቀምጠው የጻፉ ሰዎች መጻሕፍት በቂ መልስ አይሰጡበትም።

ኦስካር፣ በሳይንሳዊ ስሙ አስትሮኖተስ ኦሴላተስ፣ የትውልድ ሀገሩ የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ተፋሰስ ነው። ከእኛው ቆሮሶ ጋር በአንድ ቤተሰብ፣ ሲክሊድ በሚባለው፣ ይመደባል። በጅራቱ ሥር ዐይን የሚመስል ክብ ምልክት አለው። ከሱቅ ሲገዛ የጣት ርዝመት እንኳ ላይኖረው ይችላል፤ በአንድ ዓመት ተኩል ግድም ግን 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ክብደቱም ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። የሚመግበውን ሰው ለይቶ ወደ መስታወቱ ስለሚጠጋ ባለቤቶቹ እንደ ቤት እንስሳ ይወዱታል። ጠያቂያችንን ያሳዘናቸውም ይኸው ጠባዩ ሳይሆን አይቀርም።

አስቀድመን ስለ ብቸኝነት አንድ ነገር እንበል። ዓሦች ሁሉ እንደ በግ መንጋ አይሹም። በመንጋ የሚኖሩ ዓሦች ብቻቸውን ሲሆኑ ይደነግጣሉ፣ ምግብም ይተዋሉ። ያደገ ኦስካር ግን ከዚህ ወገን አይደለም፤ የራሱን ክልል ይዞ የሚከላከል ዓሣ ነው። በ300 ሊትር ሣጥን ውስጥ «የእኔ» የሚለው ክልል ሣጥኑ በሙሉ ነው። ስለዚህ ለእኛ ጓደኛ መስሎ የሚታየን አዲስ ገቢ ለእርሱ ያለ ፈቃድ አጥር የዘለለ ሰው ሊሆንበት ይችላል። ሁለተኛ ኦስካር መጨመርም መፍትሔ አይደለም፤ ወንዱና ሴቷ በውጭ መልካቸው አይለዩምና ያገናኘናቸው ጥንድ ይሁኑ ባላጋራ የምናውቀው ቅርፊት መርገፍ ሲጀምር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የአፍ ጉዳይ ነው። ኦስካር ምግቡን ነክሶ አይቆራርጥም፤ በአብዛኛው አፉንና የጉሮሮውን ዋሻ በቅጽበት በማስፋት በውስጡ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፤ በዙሪያው ያለው ውኃም ከፍ ካለው ግፊት ዝቅ ወዳለው ሲሮጥ ታዳኙን ይዞት ይገባል። መርፌ ያለው ሲሪንጅ ውኃ የሚስብበት መንገድ ነው። ሲሪንጁ ከቀዳዳው የሚሰፋ ነገር ሊስብ እንደማይችል ሁሉ፣ ይህም ዓሣ ከአፉ መክፈቻ የሚበልጥ ጎረቤት ሊውጥ አይችልም። በመሆኑም የጎረቤቱ ርዝመት ብቻ መለኪያ አይሆንም፤ ወሳኙ ከጀርባው እስከ ሆዱ ያለው ቁመት ነው። አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ዓሣ ሊዋጥ ሲችል፣ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ እንደ ሳህን ክብና ቁመታም የሆነው ግን ይተርፋል። በተለይ ልናስጠነቅቅ የሚገባን በክንፋቸው ላይ ተቆልፎ የሚቀር እሾህ ያላቸውን ትናንሽ የካትፊሽ ዝርያዎች ነው። «ታችኛውን ክፍል ያጸዳሉ» እየተባሉ ይሸጣሉ፤ ኦስካሩ ሲውጣቸው ግን እሾሁ በጉሮሮው ተሰክቶ ዋጩም ተዋጩም በአንድነት ሊሞቱ ይችላሉ።

የዚህ የአፍ ልኬት ሕግ ትልቁ ማሳያ ከአዘና ብዙም በማይርቀው በጣና ሐይቅ ውስጥ ይገኛል። የሆላንድ ተመራማሪዎች ናግልከርከና ሲቢንግ በጣና ውስጥ 15 ያህል የላቤኦባርበስ ዝርያዎችን ለይተው ገልጸዋል። ከእነዚህ መካከል ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። የሚገርመው ነገር ላቤኦባርበስ የሚመደብበት የካርፕ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው መሆኑ ነው፤ ጥርሶቹ ያሉት ወደ ውስጥ፣ በጉሮሮው ላይ ነው። በመንጋጋ መያዝ ያልቻለ አዳኝ መዋጥ የሚችለውን ብቻ ይመርጣል፤ ስለዚህም የጣና ዓሣ በል ላቤኦባርበሶች የሚያድኑት በአብዛኛው ትናንሽና ቀጫጭን የባርበስ ዝርያዎችን ነው። ሰውነቱ ቁመታም፣ የጀርባ ክንፉም እሾሃም የሆነው ቆሮሶ ካደገ በኋላ በዚያው ሐይቅ አብሯቸው ይኖራል። የኦስካር ባለቤት በሣጥኑ ውስጥ ሊፈጽም የሚሞክረውን ምርጫ ጣና ራሱ በረጅም ዘመን ፈጽሞታል ማለት ነው። ልዩነቱ ጣና ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ለተባራሪውም መሸሻ የሚሰጥ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሜዳ እንግባ። በመጻሕፍትም በሱቆችም ዘንድ «ለአንድ ሴንቲ ሜትር ዓሣ ይህን ያህል ሊትር ውኃ» የሚል ደንብ ይነገራል። ደንቡ ለማስታወስ ይመቻል፤ ለትልቅ ዓሣ ግን አይሠራም። ቅርጻቸው ተመሳሳይ የሆኑ አካላት ክብደት የሚያድገው በርዝመታቸው ኩብ ነው። አንድ 30 ሴንቲ ሜትር ዓሣ ከ3 ሴንቲ ሜትር ዓሣ በርዝመት አሥር ጊዜ ቢበልጥ በክብደት ሺህ ጊዜ ይበልጣል። በደንቡ መሠረት ግን አሥር ትናንሽ ዓሦች አንድ ኦስካር ያህላሉ። የእንስሳት የኦክስጅን ፍጆታ ከክብደታቸው ጋር ቀጥታ አያድግም፤ በግምት ክብደታቸው 0.8 ኃይል ላይ ተነሥቶ ነው። ሺህ በ0.8 ኃይል 250 ያህል ነው፤ ስለዚህ ኦስካሩ የሚፈጀው ኦክስጅን ከአሥሩ ትናንሾች ድምር 25 ጊዜ ይበልጣል። ደንቡ የተሳሳተው በጥቂት አይደለም።

በውኃው ውስጥስ ስንት ኦክስጅን አለ? ጋዝ በፈሳሽ የሚሟሟው ከፈሳሹ በላይ ባለው የራሱ ግፊት መጠን መሆኑን የሄንሪ ሕግ ያስተምረናል። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 101.3 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ 26 ዲግሪ ሴልስየስ የሞቀ ንጹሕ ውኃ በአንድ ሊትር 8.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል። እንጅባራ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ግድም ሲሆን የአየሩ ግፊት ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። የውኃ እንፋሎቱን ድርሻ ቀንሰን ስናሰላው እዚያው 26 ዲግሪ ላይ ያለ ውኃ ሊይዝ የሚችለው 5.9 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ግድም ላይ 6.5 ይሆናል። አዘና ላይ ቁጥሩ ጥቂት ቢለያይ ነው እንጂ ነገሩ አይለወጥም። በሌላ አነጋገር፣ በደጋ ያለ 300 ሊትር ሣጥን በኦክስጅን ረገድ በባሕር ዳርቻ ከተማ ያለ 220 ሊትር ሣጥን ያህል ነው። የአኳሪየም መመሪያ መጻሕፍት የሚጻፉት ደግሞ በአብዛኛው በእነዚያ ከተሞች ነው። በውጭ ሀገር በትምህርት ላይ ሳለን በሕንፃችን መግቢያ የነበረው የዓሣ ሣጥን በዓሣ ብዛት ተጨናንቆ እያየን ደህና መኖሩ አይደንቀንም ነበር፤ ከተማዋ ወደብ ነበረችና።

ልዩነቱ የሚታየው መብራት ሲጠፋ ነው። አየር የሚነፋው ፓምፕ ሲቆም ሣጥኑ ያለው በእጁ ያለው ኦክስጅን ብቻ ነው ብለን እንነሣ። ለስሌቱ እንዲያመቸን ግማሽ ኪሎ የሚመዝነው ኦስካር በሰዓት 75 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይፈጃል እንበል፤ ውኃው በሊትር 2 ሚሊ ግራም ሲደርስ አደጋ ላይ ነን ብለንም ወሰን እናብጅ። ከ5.9 እስከ 2 ያለው ልዩነት 3.9 ሲሆን፣ በ300 ሊትር ሲባዛ 1170 ሚሊ ግራም ይሆናል። ኦስካሩ ብቻውን ከሆነ ይህ ከ15 ሰዓት በላይ ያቆየዋል። አሁን እያንዳንዳቸው 75 ግራም የሚመዝኑ ስድስት ጎረቤቶች እንጨምር። ድምር ክብደታቸው 450 ግራም፣ ከኦስካሩ ያነሰ ነው። ነገር ግን ትናንሾች በክብደታቸው ልክ ከትልቁ የበለጠ ስለሚፈጁ፣ በ0.8ቱ ኃይል ስናሰላው የስድስቱ ፍጆታ በሰዓት 99 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ድምሩ 174 ይሆናል። አሥራ አምስቱ ሰዓት ወደ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ ማለት ነው። ማታ አራት ሰዓት ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ወሰኑ የሚደረሰው ገና ሳይነጋ፣ ባለቤቱ በእንቅልፍ ላይ ሳለ ነው። ያው ሣጥን በባሕር ወለል ቢሆን ኖሮ ስድስቱንም ይዞ አሥር ሰዓት ተኩል በቆየ ነበር።

«ኦክስጅን ከላይ ከአየሩ አይገባም ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። ይገባል፤ ነገር ግን በተኛ ውኃ ውስጥ የሚጓዘው እጅግ በዝግታ ነው። የኦክስጅን ሞለኪውሎች በራሳቸው ስርጭት ብቻ ከላይኛው ገጽ 50 ሴንቲ ሜትር ወርደው ወለሉን ለመድረስ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ሥራውን የሚሠራው የውኃው መገላበጥ ነው። የአየር ፓምፕም የሚጠቅመው፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት፣ በአረፋዎቹ ውስጥ ባለው አየር ሳይሆን፣ አረፋዎቹ ሲወጡ የታችኛውን ውኃ ወደ ላይ ስለሚያወጡትና ገጹን ስለሚያናውጡት ነው። ስለዚህም መብራት በጠፋበት ሌሊት በጣሳ ውኃ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ የዋህነት መስሎ ቢታይም ትክክለኛ ፊዚክስ ነው። ከዚያ የተሻለው 5 ዋት የሚወስድ ባለ 12 ቮልት የአየር ፓምፕን 7 አምፔር ሰዓት ካለው ባትሪ ጋር ማገናኘት ነው፤ በስሌት ከ16 ሰዓት በላይ ይሠራል።

በዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አለ። ኦስካር ራሱ የኦክስጅን ማነስን በመቋቋም ከታወቁት ዓሦች አንዱ ነው። በአማዞን የጎርፍ ሜዳዎች ውኃው ሌሊት ሌሊት ኦክስጅን እያጣ ስለሚያድር፣ ያደገ ኦስካር የሰውነቱን እንቅስቃሴና ፍጆታ ቀንሶ ለሰዓታት መቆየት ይችላል፤ ይህም ችሎታው ከትንሽነቱ ይልቅ ሲያድግ ይበረታል። እንግዲህ ሣጥኑ ሲታፈን መጀመሪያ የሚሞቱት ልናስደስተው ያመጣናቸው ጎረቤቶች ናቸው። የሞቱትም ሲበሰብሱ የቀረውን ኦክስጅን ይፈጃሉ፣ አሞኒያም ይለቃሉ።

አሞኒያን ካነሣን፣ በሣጥኑ ውስጥ ማንም ሳይጠራቸው የገቡ ጎረቤቶች እንዳሉ መናገር ይገባናል። እነዚህ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩት ባክቴርያዎች ናቸው። ኦስካሩ በቀን 5 ግራም ደረቅ ምግብ ቢበላና የምግቡ 40 በመቶ ፕሮቲን ቢሆን፣ በውስጡ 0.32 ግራም ናይትሮጅን አለ። ከዚህ ወደ 0.2 ግራም የሚሆነው በዋነኛነት በጉንፎቹ በኩል አሞኒያ ሆኖ ወደ ውኃው ይመለሳል እንበል። ባክቴርያዎቹ አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። ሥራቸው ግን በነፃ አይደለም፤ ለአንድ ግራም ናይትሮጅን 4.6 ግራም ያህል ኦክስጅን ይወስዳሉ። ሲሰላ በሰዓት 38 ሚሊ ግራም ነው። የማይታዩት ጎረቤቶች ብቻቸውን የግማሽ ኦስካር ያህል ይተነፍሳሉ ማለት ነው። በመብራት መጥፋቱ ስሌት ውስጥ ያላስገባናቸው ማጣሪያው ሲቆም ከሣጥኑ ውኃ ጋር ስለሚቆራረጡ ነው። በታፈነው ማጣሪያ ውስጥ ግን ራሳቸው ስለሚሞቱ፣ ለረጅም ሰዓት ቆሞ የነበረን ማጣሪያ ሳያጥቡ ማስነሣት የተበከለውን ውኃ መልሶ ወደ ዓሦቹ መልቀቅ ነው።

አሞኒያ የሚጎዳው በሁለት መልኩ ተከፍሎ ስለሚገኝ ነው። የውኃው ፒኤች 7 ሲሆን ከጠቅላላው መርዛማው መልክ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ሲሆን ግን ወደ ስድስት በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ጎረቤት ከመጨመሩ በፊት ፒኤቹን መለካት ዓሣውን ከመምረጥ ይቀድማል።

የሙቀትን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ኦስካር ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ይሻል። የክፍሉ ሙቀት 16 ዲግሪ በሆነበት የደጋ ሌሊት፣ ይህን ሣጥን 26 ዲግሪ ላይ ለማቆየት በእኛ ግምት 180 ዋት ያህል ያለማቋረጥ ያስፈልጋል፤ በቀን ከ4 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። ኃይል ሲቋረጥ ውኃው መጀመሪያ ላይ በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ትልቅ ሣጥን ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ይህ ለኦስካሩ ወዲያው የሚገድል አይደለም። ለጎረቤት ምርጫ ግን ትርጉም አለው፦ ቀዝቃዛ ውኃ የሚስማማው ወርቃማ ዓሣ በየሱቁ ስለሚገኝና ርካሽ ስለሆነ ብቻ ከኦስካር ጋር መግባት የለበትም። ወይ እርሱ ይሞቀዋል፣ ወይ ኦስካሩ ይበርደዋል፤ በመጨረሻውም ይዋጣል።

እንግዲህ ማን ይቀራል? በውጭው ዓለም የኦስካር አርቢዎች ደጋግመው የሚመርጡት ሲልቨር ዶላር የሚባለውን፣ እንደ ስሙ እንደ ብር ሳንቲም ክብ የሆነውን የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ነው። ቁመታም ስለሆነ አይዋጥም፣ ፈጣን ስለሆነ አይያዝም፣ በመካከለኛው ውኃ ሳይደናገጥ በመንጋ ሲዋኝ ደግሞ ትልቁ ዓሣ አደጋ እንደሌለ ተረድቶ ይረጋጋል። ይህ የመጨረሻው ምክንያት ጠያቂያችን ከሚፈልጉት ጓደኝነት ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። ችግሩ አምስት ስድስት ሆነው ካልኖሩ የማይስማማቸው መሆኑ ነው፤ ቀደም ብለን ያሰላነው የስድስቱ ጎረቤት ሌሊትም የእነርሱው ነው። ሌላው ምርጫ ፕሌኮ የሚባለው ጋሻ ለበስ ካትፊሽ ነው። ጋሻው ከኦስካሩ ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን የተለመደው ዝርያ ራሱ 30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ ቆሻሻውም የዚያኑ ያህል ነው። «ያጸዳል» የሚለውን የሻጭ ቃል የናይትሮጅን ስሌት አይደግፈውም፤ ናይትሮጅንን ከሣጥኑ የሚያስወጣው በዋነኛነት በየሳምንቱ የሚቀየረው ውኃ ነው።

ከሀገራችን ዓሦችስ? አምባዛ አየር በቀጥታ መተንፈስ ስለሚችል በኦክስጅን ስሌታችን ማለፊያ ነበር። ዳሩ ግን ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድግና ያገኘውን የሚበላ በመሆኑ ሚናው ይገለበጣል፤ ጎረቤት የሚፈለግለት ኦስካሩ ሳይሆን እርሱ ይሆናል። ቆሮሶ ደግሞ ሲራባ ጠበኛ ነው። በባሮና በኦሞ ተፋሰሶች የሚገኘው ፖሊፕተረስ ሴኔጋለስ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ግድም የሚረዝም፣ ጥንታዊ መልክ ያለው፣ በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈነና ከአየር የሚተነፍስ ዓሣ ሲሆን፣ በእኛ ሚዛን በወረቀት ላይ ከሁሉም የተሻለው ነው። ሰውነቱ ቀጭን ስለሆነ ሳያድግ ከገባ ይዋጣል፤ ከውኃው በላይም አየር የሚቀዳበት ክፍት ቦታ ሊተውለት ይገባል።

ይሁን እንጂ በ300 ሊትር ሣጥን፣ በደጋ፣ ባትሪ ባልተዘጋጀበት ቤት፣ ለጠያቂያችን የምንሰጠው ምክር ማንንም አለመጨመር ነው። ለኦስካሩ የሚስማማው ጠጠር መቆፈር፣ የእንጨት ጉቶ መግፋት፣ ሰው ሲመጣ መመልከት ነው፤ ሣጥኑን ሰው በሚመላለስበት ክፍል ማስቀመጥ ከስድስት ሲልቨር ዶላር ይልቅ ይጠቅመዋል። የግድ ይጨመር ከተባለ ሣጥኑ ከ500 ሊትር እንዳያንስ፣ ባትሪው አስቀድሞ እንዲገዛ፣ አዲሶቹ ዓሦች ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በሌላ ዕቃ ተለይተው እንዲቆዩ፣ በሚገቡበትም ቀን ኦስካሩ የለመደው ክልል እንዲደበላለቅበት ድንጋዩና ጉቶው ቦታ እንዲቀያየር እንመክራለን። ትልቅ ሣጥን ሲታሰብ ወለሉም ይታሰብ። የአሁኑ 300 ሊትር ውኃ ብቻውን ሦስት ኩንታል ነው፤ የፊት መስታወቱም የሚሸከመው የውኃ ግፊት ድምር 150 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ የሚጫነውን ያህል ነው።

አለመግባባት ሲነሣስ የተባረረው ዓሣ የት ይሄዳል? ይህን የምንጠይቀው በዓለም ላይ ብዙ አርቢዎች መልሱን በአቅራቢያቸው ባለ ውኃ ውስጥ ስላገኙት ነው። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ቦዮች ውስጥ ዛሬ ኦስካር እንደ ሀገሬው ዓሣ ይራባል። በቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የገባው ናይል ፐርች በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ የሲክሊድ ዝርያዎች ለነበሩበት ሐይቅ የተመረጠ ጎረቤት ነበር፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ጠፍተዋል። በሀገራችንም ሐይቅ (ወሎ) ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ ከገባ በኋላ በውኃው የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ስብጥር መለወጡን ጥናቶች አሳይተዋል። ዘንገናን የመሰለ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ዝግ ሐይቅ ደግሞ ከጣና ይልቅ ለመስታወት ሣጥን ይቀርባል። ኦስካር የደጋውን ብርድ አይችልም፤ ቢለቀቅ በቅዝቃዜ ሊሞት ይችላል። ብርዱን የሚችለው ያ በርካሽ የሚገዛው ወርቃማ ዓሣ ነው። ስለዚህ ከሣጥኑ የተረፈ ዓሣ ለሌላ አርቢ ወይም ለገዙበት ሱቅ ይመለስ፤ ሣጥኑ ሲታጠብ የሚደፋው ውኃም ወደ ወንዝ ሳይሆን ወደ ጓሮ አትክልት ይፍሰስ፤ ናይትሬቱን ጎመኑ ይፈልገዋል።